የራምቦ ጉልበትና የፈረስ መጋላ ዳገት
ስለ ቁርጥማት ሕመምና ስለ ፊዚዮቴራፒ የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምክር ቢጠይቅ፥ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው «ዕረፍ፤ እግርህን አታድክም» የሚለውን ነው። ምክሩ ከደግ ልብ የሚመነጭ ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ምክሩ ከየት እንደ መጣ፥ ለየትኛው ጉልበት እንደሚስማማና የትኛውን ጉልበት እንደሚጐዳ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ለምርመራው መነሻ አድርጌ የወሰድኩት በሐረር ከተማ ከታመሙት ጉልበቶች ሁሉ ታሪኩ በጽሑፍ ተዘርዝሮ የቀረውን አንዱን፥ ይኸውም የፈረንሳዊውን ነጋዴ የአርቱር ራምቦን ቀኝ ጉልበት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ. ም.» የሚለው የኛን አቆጣጠር፥ «እ. ኤ. አ.» የሚለው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ያመለክታል።

ስለ ሰውየው ከመናገሬ በፊት ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረሱ ቀርቶ ዛሬ የሚቆምበት ባጃጅና ታክሲ ነው፤ ሆኖም ከሐረር በር ገብቶ የሚመጣው ሰፊ መንገድ የሚደርስበት፥ የጀጎል ዋና አደባባይ መሆኑ አልቀረም። ከዚያ ወደ ታች የሚሄድ ሰው መኪና ግርግር በሚባለው፥ የልብስ ሰፊዎች መኪና ጩኸት ስም ባወጣለት ጐዳና አድርጎ ወደ ግድር መጋላ ይወርዳል። ይወርዳል ማለቴ በከንቱ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበው ከተማ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተዳፋት መሬት ላይ ስለ ተሠራ፥ ጠባቡ መንገድ ሁሉ ወይ ዳገት ነው፥ ወይ ቁልቁለት ነው። በመኪና የሚደረስበት መንገድም ጥቂት ነው። ስለዚህ በጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው፥ ሽማግሌም ቢሆን አሮጊት፥ ገበያና መስጊድ ለመድረስ በድንጋይ ላይ መውጣትና መውረድ ግድ ይሆንበታል።

ቤት ከገባ በኋላም ጉልበቱ ሥራ አይፈታም። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ከፍታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ነዋሪው በማዕርጉና በዕድሜው ቦታውን ይዞ፥ እግሩን አጥፎ ይቀመጣል። በርጫ ከሆነማ አቀማመጡ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ለጸሎትም በየቀኑ አምስት ጊዜ ይንበረከካል፥ ይነሣል። እንግዲህ ስለ ጉልበት ታሪክ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ከተማ የሚገኝ አይመስለኝም።

ራምቦ በወጣትነቱ ባለቅኔ ነበረ። ቅኔውን በሃያ ዓመቱ ገደማ ትቶ አገር ላገር ሲዞር ከቆየ በኋላ፥ የዓደኑ ነጋዴ የባርዴ ወኪል ሆኖ በ1873 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. በ1880 መጨረሻ) ሐረር ገባ። በዚያ ጊዜ ከተማይቱ በ1868 ዓ. ም. ራውፍ ፓሻ ይዟት በግብጾች እጅ ነበረች። የባርዴ ንግድ ቤት የተከፈተውም በፈረስ መጋላ፥ ያው ራውፍ ፓሻ ይኖርበት በነበረው ባለ ፎቅ ቤት ነው። ዛሬ ለጐብኚዎች «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚታየው የሚያምር የእንጨት ሕንጻ ግን እርሱ ከሞተ በኋላ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ስለ ሆነ፥ ከቅኔው ሰው ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ ነው። ይህን የምጠቅሰው በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ አፈ ታሪክ በቀላሉ እንደሚገባ ለማስታወስ ነው፤ በጉልበቱ ታሪክም ውስጥ ገብቷል።

ግብጾች በ1877 ዓ. ም. ከተማዋን ለቀው ከሄዱ፥ ዳግማዊ ምኒልክም በ1879 ዓ. ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ከያዙ ወዲህ፥ ራምቦ በ1880 ዓ. ም. ተመልሶ መጥቶ የራሱን ንግድ አቋቋመ። ቡናና ቆዳ ይገዛል፥ ጨርቅና ዕቃ ይሸጣል። አገረ ገዥው ራስ መኮንን ያውቁታል። በፈረስም በእግሩም ብዙ ይጓዛል። በ1883 ዓ. ም. በጋ ላይ ቀኝ እግሩን ያመው ጀመር። የካቲት 14 ቀን (እ. ኤ. አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1891) ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙን የደም ሥር እብጠት ነው ብሎ ስለ ገመተ፥ ለዚያ የሚሆን ተለጣጭ ረጅም ካልሲ እንድትልክለት ይለምናል፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሆነውም ይነግራታል።

እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ለእኅቱ ለኢዛቤል በጻፈው ሌላ ደብዳቤ ደግሞ የሕመሙን አካሄድ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይተርካል። በመጀመሪያ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር በመዶሻ እንደ መመታት ያለ ምት በየጊዜው ይሰማው ነበረ። ብርድ የመታው መስሎት መሄዱንም መጋለቡንም አልተወም። ቀጥሎ ጉልበቱ አበጠ፤ አሰረው፥ አሸው፥ በውኃ ነከረው፤ ምንም አልረዳውም። እብጠቱ ወደ ላይና ወደ ታች ዘለቀ፥ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ፥ ሰውነቱ ከሳ። በመጨረሻ መነሣት ሲያቅተው አልጋውን በገንዘቡ ሣጥን፥ በሒሳብ መዝገቡና በመስኮቱ መካከል አስቀምጦ፥ ከዚያ ሆኖ በግቢው ውስጥ ያለውን ሚዛን ይጠብቅ ጀመር። ነጋዴነቱ እስከዚህ ድረስ ነበረ።

ከዚያ ዕቃውን በኪሣራ ሸጦ፥ በራሱ አሳብ ቃሬዛ አሠርቶ፥ 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ፥ መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ. ም. ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከአሥር ቀን በላይ በፈጀው ጉዞ በረሓውም ዝናሙም አገኘው። በዓደን የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም የጉልበቱን ሕመም የአንጓው ውስጠኛ ሽፋን ብግነት ነው ብሎ ስም አወጣለት፥ አደገኛ መሆኑንም ነገረው። ከዚያ በመርከብ ማርሴይ ደረሰ፤ ግንቦት 20 ቀን (እ. ኤ. አ. ሜይ 27 ቀን 1891) እግሩ ከጭኑ ተቆረጠ። ራስ መኮንን ይህን ሰምተው የሐዘን ደብዳቤ ጽፈውለታል። ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ. ም. በተወለደ በ37 ዓመቱ ሞተ። በማርሴይ የነበሩት ሐኪሞች ሕመሙን ዕጢ ነው ብለው መዝግበዋል፤ በኋላ ጊዜ ነገሩን የመረመሩት የሕክምና ጸሐፊዎችም አብዛኞቹ የአጥንት ነቀርሳ ነበረ ይላሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ራምቦ ራሱ ለሕመሙ ምክንያት አድርጎ የሰጠው አድካሚውን የእግር ጉዞ፥ ግልቢያውንና የሐረርን ብርድ ነው። ብዙዎች የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎችም ቃሉን ተቀብለው፥ ያ ሁሉ መንገድ እግሩን እንደ በላው አድርገው ይጽፋሉ። ለድርሰት ያምራል፤ ለሕክምና ግን አይረባም። የአጥንት ነቀርሳ በመሄድ ብዛት አይመጣም። ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመለከተው፥ በታሪኩ ውስጥ የነበሩት ምልክቶች አስቀድመው ሌላ ነገር ይናገሩ ነበረ። የታማሚው ዕድሜ 36 ብቻ ነው፤ ሕመሙ ሲያርፍ አይቀልም፥ እንዲያውም ሌሊት ይብሳል፤ እብጠቱ ከአንጓው አልፎ ወደ ጭኑ ይዘልቃል፤ ሰውየው ያለ ምክንያት ይከሳል፤ ነገሩም በዓመታት ሳይሆን በሳምንታት ይፈጥናል። ዛሬ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከነዚህ ምልክቶች አንዱን እንኳ ሲሰማ፥ ማሸቱንና ማንቀሳቀሱን አቁሞ ታማሚውን ወደ ሐኪምና ወደ ራጅ ክፍል መላክ ይገባዋል። ራጅ ግን ራምቦ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፥ እ. ኤ. አ. በ1895 ነው የተገኘው። ስለዚህ የዓደኑን ሐኪም አልወቅስም።

ይህ ጉልበት ከተራው ጉልበት ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ነው ችግሩ። አማርኛችን የአንጓን ሕመም ሁሉ ቁርጥማት ይለዋል። ፈረንጆቹም በዚያ ዘመን ከኛ ብዙ አልራቁም ነበረ፤ ብርድ የመታው፥ የበጋገነ፥ ያረጀ አንጓ ሁሉ ሪህ ወይም ሩማቲዝም ይባል ነበረ። በእንግሊዝ አገር አርቺባልድ ጋሮድ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለውን ከሌላው የአንጓ ብግነት በግልጽ የለየው እ. ኤ. አ. በ1907 ነው። ኦስቲዮአርትራይተስ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ቀስ በቀስ የሚሳሳበት፥ ከሥሩ ያለው አጥንት የሚደነድንበትና በዳር በዳር የሚበቅልበት፥ ከዚህም ጋር ጡንቻው የሚደክምበት ሕመም ነው። በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ ይመጣል፤ በዓመታት ይሄዳል፤ በሥራ ይብሳል፥ በዕረፍት ይቀልላል፤ ጧት ሲነሡ አንጓው ይደርቃል፥ ግን ጥቂት ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ ይፈታል። ከራምቦ ምልክቶች ጋር ጐን ለጐን ቢታይ ተቃራኒው ነው ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2019 ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎች ቁጥር 528 ሚሊዮን አድርሶታል፤ ከነዚህም 365 ሚሊዮን ያህሉ የሚያማቸው ጉልበታቸውን ነው።

የጥንቱ የአገራችን ሐኪም ይህን ጉልበት በምን ያክመው ነበር? በደጋውም በቈላውም የታወቁት መድኃኒቶች መተኮስ፥ ዋግምት፥ በቅቤ ማሸትና ፍል ውኃ ናቸው። ለስብራትና ለውልቃት ወጌሻ አለ። ስለ መተኮስ በጎ ነገር ለመናገር አልችልም፤ ቆዳውን ያቆስላል፥ ከሥሩ ያለውን አንጓ አይነካውም። ስለ ፍል ውኃና ስለ ማሸት ግን መሳቅ አይገባንም። ሙቀት የደረቀ አንጓን ለጊዜው እንደሚያላላ፥ ማሸትም ሕመምን ለጊዜው እንደሚያስታግሥ ዛሬም የታወቀ ነው። ጉድለታቸው «ለጊዜው» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ታማሚው ተኝቶ ሌላ ሰው የሚያደርግለት ሕክምና ሁሉ ይህ ጉድለት አለበት።

«ዕረፍ» የሚለው ምክር በሳይንስ ስም የጸናው ደግሞ በዚያው በራምቦ ዘመን ነው። የሊቨርፑሉ ሐኪም ሂዩ ኦወን ቶማስ እ. ኤ. አ. በ1875 ስለ ዳሌ፥ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት ሕመም ባወጣው መጽሐፍ፥ የታመመ አንጓ በፍጹም ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ መታሰር እንዳለበት አስተማረ፤ በስሙ የሚጠራውም የእግር ማሰሪያ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ቶማስ በዘመኑ ያክማቸው ከነበሩት አንጓዎች ብዙዎቹ የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስ የገባባቸው ነበሩ፤ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ለእነርሱ ዕረፍት ትክክለኛ ምክር ነበረ። ስሕተቱ የመጣው ምክሩ ከዚያ ሕመም ወጥቶ ወደ አሮጌ ጉልበት ሁሉ በመዛወሩ ነው። ቶማስ የሞተው እ. ኤ. አ. በጃንዋሪ 1891 ነው፤ ይኸውም ራምቦ በሐረር መታመም ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

በተቃራኒው ወገን የቆሙም ነበሩ። በስዊድን ፐር ሄንሪክ ሊንግ እ. ኤ. አ. በ1813 በስቶክሆልም የሰውነት ማሠልጠኛ ተቋም ከፍቶ፥ እንቅስቃሴ ራሱ ሕክምና ነው የሚለውን ትምህርት አስፋፋ። በፓሪስ ደግሞ ሉካ ሻምፒዮኒዬር የተሰበረ አካል እንኳ ቶሎ መታሸትና መንቀሳቀስ አለበት ብሎ ተከራከረ፤ መጽሐፉን ያወጣው እ. ኤ. አ. በ1895 ነው። በለንደን እ. ኤ. አ. በ1894 አራት ነርሶች ተሰብስበው የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ የዛሬው የእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር ከዚያ የወጣ ነው። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የቆሰሉ ወታደሮችን በብዙ ሺህ ወደ ሆስፒታል ሲያጐርፉ ሙያው አደገ።

ራምቦ ከነዚህ ነገሮች አንዱንም አላገኘም። እግሩ ከተቆረጠ በኋላ በምርኩዝ ለመሄድ የታገለውን በደብዳቤዎቹ ውስጥ ማንበብ ያሳዝናል። 50 ፍራንክ የፈጀ ቀላል የእንጨት እግር አሠርቶ ሞከረው፤ የተቆረጠው ቦታ ስለ በገነ መልሶ ጣለው። ጉቶውን የሚያጠነክር፥ ሚዛኑን የሚያስተምር፥ ምርኩዙን ለቁመቱ የሚለካለት ሰው አልነበረም። ይህ ሁሉ ቢኖር ሞቱን ባላስቀረው ነበር፤ ዕጢው ወደ ሌላው ሰውነቱ ተሠራጭቶ ነበርና። የቀሩትን ወራት ግን ሳያቃልልለት አይቀርም ነበረ።

ወደ ሐረር እንመለስ። በዘመናዊ ሕክምና ረገድ ሐረር ከአገራችን ከተሞች ቀደምት ናት። ራስ መኮንን የጓድሉፑን ተወላጅ ዶክተር ቪታልየንን ወደ ራሳቸው አቅርበው በከተማዋ ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረጉ። የካፑሲን ሚስዮናውያንም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለሥጋ ደዌ በሽተኞች መጠለያ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ፥ እ. ኤ. አ. ከ1958 ጀምሮ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በቢሲዲሞ የጀርመን የሥጋ ደዌ ርዳታ ማኅበር የመጀመሪያውን ሥራውን ጀመረ። በአዲስ አበባም አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1958 ዓ. ም. ተቋቋመ።

እነዚህን የምጠራቸው አለ ነገር አይደለም። በእኔ አስተያየት እንቅስቃሴ ሕክምና ነው የሚለው አሳብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሽማግሌ ጉልበት በኩል ሳይሆን በሥጋ ደዌ፥ በልጅነት ልምሻና በጦር ቁስል በኩል ነው። በደቡብ ሕንድ በቬሎር የሠራው ዶክተር ፖል ብራንድ፥ በሥጋ ደዌ የታጠፈ ጣት ጅማቱን በቀዶ ሕክምና በማዛወር ሊቃና እንደሚችል አሳየ፤ ነገር ግን የተዛወረው ጅማት አዲሱን ሥራውን የሚማረው በየቀኑ በሚደረግ ልምምድ ስለ ሆነ፥ ከቀዶ ሐኪሙ ጐን የፊዚዮቴራፒ ሠራተኛ መቆም ነበረበት። አለርትም ይህን ትምህርት ተቀበለ። ከዚህ የተነሣ በአገራችን ፊዚዮቴራፒ ለብዙ ጊዜ የአካለ ስንኩላን ሙያ ብቻ መስሎ ታየ። ጉልበቷን የሚያማት እናት ወደዚያ ክፍል ትሄዳለች ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። ሙያው በአገር ውስጥ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረውም ዘግይቶ በጐንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

ስለ ኦስቲዮአርትራይተስ የተደረጉት ምርመራዎች ደግሞ ዕረፍትን እየጣሉ እንቅስቃሴን እያነሡ መጥተዋል። ኬልግሬንና ሎውረንስ እ. ኤ. አ. በ1957 በራጅ ሥዕል የአንጓውን ጉዳት በደረጃ ለመመደብ የሚያስችል መለኪያ አወጡ፤ መለኪያው በሥራ ላይ ሲውል ግን አንድ አስገራሚ ነገር ታየ፤ ሥዕሉ በጣም የተበላሸበት ሰው አንዳንድ ጊዜ አያመውም፥ ሥዕሉ ደኅና የሆነው ደግሞ ያነክሳል። ስለዚህ ሕመሙን የሚወስነው አጥንቱ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ የጡንቻው ኀይል፥ የሰውነት ክብደት፥ እንቅልፍና ፍርሃት ሁሉ ድርሻ አላቸው። እ. ኤ. አ. በ1997 በአሜሪካ አገር ውጤቱ የወጣ ምርመራ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን 439 ሽማግሌዎች በሦስት ወገን ከፍሎ፥ አንዱን በእርምጃ፥ አንዱን ክብደት በማንሣት፥ ሦስተኛውን በትምህርት ብቻ ለ18 ወራት ተከታተለ። የተንቀሳቀሱት ሁለቱ ወገኖች ሕመማቸው ቀለለ፥ ሥራቸውም ተሻሻለ። እ. ኤ. አ. በ2015 ደግሞ 54 ምርመራዎችን አንድ ላይ አድርጎ የመዘነ ጽሑፍ ወደዚያው ፍርድ ደረሰ። እ. ኤ. አ. በ2020 የወጣ ሌላ ምርመራ 156 ሰዎችን ከፍሎ፥ ገሚሱን በፊዚዮቴራፒ፥ ገሚሱን በጉልበት ውስጥ በሚሰጥ የኮርቲዞን መርፌ አሳከመ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ሆኖ የተገኘው የፊዚዮቴራፒው ወገን ነው። መርፌው ቶሎ ስለሚያስታግሥ በሕዝብ ዘንድ የተወደደ መሆኑን ሳስብ ይህ ውጤት ያስደስተኛል።

ነገሩን ማጋነን ግን አይገባም። እንቅስቃሴ የተበላውን ልም አጥንት አያበቅልም። የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ሳይሆን መካከለኛ ነው፤ ታማሚው ሲያቆም ጥቅሙም ቀስ በቀስ ይጠፋል። በጣም ለተበላሸ ጉልበት የሚቀረው ሰው ሠራሽ አንጓ የማስገባት ቀዶ ሕክምና ነው። በኤሌክትሪክና በድምፅ ሞገድ መሣሪያ የሚደረገውን ሕክምና ደግሞ እ. ኤ. አ. በ2022 የወጣው የእንግሊዝ አገር መመሪያ ለዚህ ሕመም አልመከረውም። ስለዚህ ያማረ መሣሪያ የሌለው ሆስፒታል ብዙም አልቀረበትም ለማለት ይቻላል።

የሐረር መንገድና የሐረር ቤትስ በዚህ ምርመራ ፊት ምን ይሆናሉ? እዚህ ላይ ፍርዱ ሁለት ነው። መራመድን በተመለከተ፥ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባለው ከተማ በረጅም ጊዜ የተደረገው ክትትል፥ ለጤና የሚደረግ የእግር ጉዞ የጉልበትን ኦስቲዮአርትራይተስ እንደማያበዛ አሳይቷል። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥን በተመለከተ ግን በቤጂንግ የተደረገው ጥናት፥ በወጣትነታቸው በቀን ብዙ ሰዓት ቁጢጥ ይሉ የነበሩ ሰዎች በእርጅና የጉልበት ሕመም እንደሚበዛባቸው አገኘ። ከባድ ሸክም ተሸክሞ ደጋግሞ መንበርከክም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ በጀጎል ውስጥ ጥርጣሬያችን መዞር ያለበት ከዳገቱ ይልቅ ወደ ረጅሙ አቀማመጥና ወደ ሸክሙ ነው። ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው በበሮቹ የሚገቡትን የገጠር ሴቶች ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ለእነርሱ «ዕረፉ» የሚለው ምክር ስድብ ይመስለኛል፤ ሸክሙን የሚያቃልል ጋሪ ይሻላቸዋል።

በሐረር የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታማሚው በፊቱ ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚያደርገው በራምቦ ጊዜ ያልተደረገውን መለየት ነው፤ ሌሊት ያምሃል ወይ? ከስተሃል ወይ? ትኩሳት አለህ ወይ? እብጠቱ መቼ ጀመረ? ይላል። ጉልበቱ ተራው ጉልበት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የጭኑን ፊተኛ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱን የሚይዘው ይኸው ጡንቻ ነውና። ልምምዱ መሣሪያ አይፈልግም፤ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ መያዝ፥ ከመቀመጫ ያለ እጅ ርዳታ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፥ በየቀኑ በልክ መራመድ ነው። ጥቂት ሕመም ቢሰማ አይጐዳም፤ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ግን መጠኑ ይቀነሳል። ክብደቱ የበዛ ሰው ክብደቱን ቢቀንስ፥ እያንዳንዱ የቀነሰው ኪሎ በየርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ከዘራው መያዝ ያለበት በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በደኅናው በኩል ባለው እጅ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አገላብጦ ያደርገዋል። ዳገት ሲወጣ ደኅናው እግር ይቅደም፥ ሲወርድ የታመመው ይቅደም። ለጸሎት መንበርከክ ያቃተው ሰው በወንበር ተቀምጦ መስገድ በሃይማኖቱ የተፈቀደለት ስለ ሆነ፥ ይህን ሸይኹ ቢነግሩት ከባለሙያው ቃል ይልቅ ይሰማል።

ነደባውም ቢሆን ጠላት ብቻ አይደለም። ከመቀመጫ የመነሣት ልምምድ የሚጀመረው ከፍ ካለ መቀመጫ ነው፤ ጡንቻው ሲበረታ መቀመጫው ቀስ በቀስ ዝቅ ይደረጋል። በሆስፒታል ለዚህ ሥራ ልዩ ልዩ ከፍታ ያላቸው ወንበሮች ይፈለጋሉ። በሐረሪ ቤት ግን መደቦቹ ከጥንት ጀምሮ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። ጉልበቷን የሚያማት እናት በመጀመሪያው ሳምንት ከከፍተኛው ነደባ አሥር ጊዜ ተነሥታ ትቀመጥ፤ ያ ሲቀላት ወደሚቀጥለው ትውረድ፤ እግሯን አጥፋ የምትውልበትን ሰዓት ደግሞ በየመካከሉ እየተነሣች እስከ ፈረስ መጋላ ደርሳ በመመለስ ትቈርጠው።